«የሌሊት ዘብ» ከሞስኮ ሲወጣ፦ የሩሲያ ምናባዊ ፊልም ለውጭ ተመልካች ይጥማል?

በሩሲያ ሲኒማ ቤቶች ዛሬ ገበያውን የያዘው ተረት ነው። በ2022 መጀመሪያ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ዲዝኒ፣ ዋርነር፣ ሶኒ፣ ፓራማውንትና ዩኒቨርሳል አዳዲስ ፊልሞቻቸውን ወደዚያ መላክ አቆሙ። ክፍት የቀረውን ቦታ የሞሉት ጠንቋዮች፣ የሚናገሩ አውሬዎችና ከድሮ መጻሕፍት የወጡ ገጸ ባሕርያት ናቸው። በ2023 መግቢያ ላይ የታየው «ቼቡራሽካ» የተወሰደው በሶቪየት ዘመን ከተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ነው። ፊልሙ ከ6 ቢሊዮን ሩብል በላይ አስገባ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን ያህል ገንዘብ ያመጣ ሩሲያዊ ፊልም አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አገር ውስጥ እንዲህ ሲሆን አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ውጭስ? እነዚህን ፊልሞች ሩሲያኛ የማይናገር ሰው ቁጭ ብሎ ያያቸዋል? ካያቸውስ ይወዳቸዋል?

መልስ ለመስጠት የሚቸኩሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የትኬት ገቢ ይጠቅሳሉ። ቁጥሩ ይጠቅማል፣ እኔም እጠቅሰዋለሁ። ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ያገሩ ተመልካች ያን ፊልም የወደደው ለምንድን ነው? የወደደው ነገርስ ድንበር መሻገር የሚችል ነው ወይ? ለዚህ ከሃያ ዓመት በፊት የወጣው «የሌሊት ዘብ» ከሁሉም የተሻለ ማሳያ ነው። ያኔ ጦርነትም ማዕቀብም መንገዱን አልዘጋበትም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። ስለዚህ የሆነውን በፖለቲካ ማሳበብ አይቻልም።

«የሌሊት ዘብ» ሰርጌይ ሉክያኔንኮ በ1998 ባሳተመው ልቦለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ዳይሬክተሩ ቲሙር ቤክማምቤቶቭ ካዛክስታን ተወልዶ ታሽከንት የተማረ ሰው ነው። ሩሲያውያን መጀመሪያ ያወቁት በዘጠናዎቹ በሠራቸው የባንክ ማስታወቂያዎች ነበር። ፊልሙ በሐምሌ 2004 ወጣ። የተሠራው በ4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በሩሲያ ብቻ 16 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ አስገባ። በዚያ ገበያ የ«ቀለበቶቹ ጌታ»ን ሦስተኛ ክፍል በለጠ። ለዚያን ጊዜው የሩሲያ ሲኒማ ይህ ትንሣኤ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ የአገሪቱ ፊልም ኢንዱስትሪ ወድቆ፣ ብዙ ሲኒማ ቤቶች የዕቃ መሸጫና መጋዘን ሆነው ከርመው ነበርና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሰው መሐል «ሌሎች» የሚባሉ ይኖራሉ። ሲያዩአቸው እንደ ማንኛችንም ናቸው። አንዳንዶቹ ብርሃንን መርጠዋል፣ አንዳንዶቹ ጨለማን። በጥንት ዘመን በአንድ ድልድይ ላይ ተገናኝተው ተፋጁ። ማንም ማንንም እንደማያሸንፍ ሲገባቸው ውል ገቡ። ከዚያ ወዲህ የብርሃን ወገኖች በሌሊት የጨለማዎቹን ሥራ ይቆጣጠራሉ። የጨለማዎቹ ደግሞ በቀን የብርሃኖቹን። ስሙም የመጣው ከዚህ ነው።

ድልድዩን ትተን ወደ 1992 ሞስኮ እንምጣ። አንቶን ጎሮዴትስኪ የሚባል ወጣት ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ከሌላ ሰው ጋር ናት። አንድ አሮጌ የሶቪየት አፓርታማ ውስጥ የምትኖር ባልቴት ጋ ይሄዳል። የሚፈልገው መስተፋቅር ነው። ባልቴቷ ወጥ እንደምትሠራ ሴት ዘና ብላ ታስተናግደዋለች። ከዚያ ዋጋውን ትነግረዋለች። ሚስትህ አርግዛለች፣ ልጁ የሌላ ነው፣ እሷን ለመመለስ ልጁ መሞት አለበት፣ ኃጢአቱም ያንተ ነው። አንቶን ያመነታል። በመጨረሻ እሺ ይላል። ባልቴቷ ሁለት እጇን ካጨበጨበች ነገሩ አለቀ። እጆቿ ሊገናኙ ሲሉ ግን በክፍሉ ውስጥ የማይታዩ ሰዎች ይይዟታል። አንቶን ደግሞ ያያቸዋል። ተራ ሰው ሊያያቸው አይችልም። ስለዚህ አንቶን ተራ ሰው አይደለም ማለት ነው። የልጁ አባት ማን እንደሆነ የምናውቀው ብዙ ቆይተን ነው።

ይህን ትዕይንት እኛ ያለ አስረጂ እንረዳዋለን። ሰው ተደብቆ ጠንቋይ ቤት ሲሄድ፣ የጠየቀው ነገር ከጠበቀው በላይ ዋጋ ሲያስከፍለው፣ ይህ በየሰፈራችን የሚወራ ታሪክ ነው። የፊልሙ ምርጥ ክፍልም ይኸው ይመስለኛል። ትልቅ ነገር ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሆናል። ኃጢአት በጓዳ ውስጥ ይዋዋላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሩሲያውያን በዚህ ፊልም ያበዱት ለምንድን ነው? አስማት ስላዩ አይደለም። አስማት ከሆሊውድም ያያሉ። ያበዱት አስማቱን በገዛ ሰፈራቸው ስላዩት ነው። የሌሊት ዘቦቹ የሚንቀሳቀሱት «ጎርስቬት» የሚል በተጻፈበት ቢጫ መኪና ነው። ይህ የከተማ መብራት የሚጠግን መሥሪያ ቤት ስም ነው። የዓለምን ሚዛን የሚጠብቁ ሰዎች በመብራት ኃይል መኪና ሲዞሩ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ፊልም ቢሠራ አዳራሹ ውስጥ የሚነሳውን ጩኸት መገመት አያቅትም። የሞስኮ ተመልካች ያገኘው ያን ደስታ ነው። ሜትሮው የሱ ሜትሮ ነው። ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ የተላጠው የግድግዳ ቀለም፣ ሁሉም የሱ ነው።

ተዋንያኑም እንደዚያው። የብርሃኖቹ አለቃ ጌሴር ሆኖ የሚጫወተው ቭላድሚር ሜንሾቭ ነው። ሜንሾቭ ራሱ ዳይሬክተር ነበር። በ1981 ለሶቪየት ኅብረት ኦስካር ያመጣውን ፊልም የሠራ፣ በየቤቱ የሚታወቅ ሰው። ጠንቋይዋን የምትጫወተው ሪማ ማርኮቫ የድሮ የሶቪየት ፊልም ተዋናይት ነበረች። ሥጋ ሻጩን ቫምፓየር የሚጫወተው ቫሌሪ ዞሎቱኺን ትውልድ ያሳደገ የመድረክ ሰው ነበር። አንደኛው ወጣት ቫምፓየር ደግሞ የታዋቂ የሮክ ባንድ ድምፃዊ ነው። ሩሲያዊው ተመልካች አንድ ፊት ባየ ቁጥር «ውይ፣ እሱ እኮ ነው!» ይላል። ለለንደንና ለኒው ዮርክ ተመልካች ግን እነዚህ ሁሉ የማያውቃቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። ፊልሙን ያሠራው የሩሲያ ትልቁ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ፔርቪ ካናል ነው። ፕሮዲውሰሩ የጣቢያው ኃላፊ ኮንስታንቲን ኤርንስት ነበር። ማስታወቂያው በየሰዓቱ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። ፊልሙን አለማየት እስኪያሳፍር ድረስ ተወራለት። የአገር ውስጥ ተወዳጅነቱን ስንመዝን ይህንንም ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ አለብን። ተወዳጅ ፊልም ሁልጊዜ በራሱ እግር አይቆምም።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣ። የውጭ መብቱን የገዛው የአሜሪካው ፊልም ኩባንያ ፎክስ ነው። ለአሜሪካ ገበያ ፎክስ ሰርችላይት በየካቲት 2006 አወጣው። ሩሲያ ላይ ከታየ አንድ ዓመት ተኩል አልፎታል። እንዲያውም ሁለተኛው ክፍል፣ «የቀን ዘብ»፣ በሩሲያ ጥር 1 ቀን 2006 ወጥቶ ነበር። ለውጭ ተመልካች የቀረበው ፊልም እንደገና ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። መግቢያው ላይ በእንግሊዝኛ የሚተርክ ድምፅ ተጨመረበት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላደንቀው የምፈልገው ሥራ አለ። የፊልሙ ሰብታይትል። አብዛኛው ፊልም ላይ ሰብታይትል ማለት ከታች የሚያልፍ ነጭ ጽሑፍ ነው። እዚህ ግን ጽሑፉ የፊልሙ አካል ሆነ። ዬጎር የሚባል ልጅ ዋና ገንዳ ውስጥ ነው። ቫምፓየሯ ከሩቅ ትጠራዋለች። ድምጿን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። የጥሪዋ ቃላት በቀይ ቀለም ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ፣ ከዚያ በውሃ ውስጥ እንደተንጠባጠበ ደም እየተበተኑ ይጠፋሉ። ሌላ ቦታ ሰው ሲያልፍ ጽሑፉን ይዞት ያልፋል። ቤክማምቤቶቭ የውጭ ተመልካች ማንበብ እንደሚሰለቸው አውቆ ነበር። ስለዚህ ንባቡን ራሱን ትርኢት አደረገው። ለውጭ ተመልካች ይህን ያህል የተጨነቀ የሩሲያ ፊልም ብዙ አላየሁም።

ውጤቱስ? አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዓለም ዙሪያ በድምሩ ወደ 34 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከወጪው ጋር ሲተያይ ትርፋማ ነው፣ ያለ ክርክር። ውድቀት ብሎ መጥራት ስህተት ይሆናል። ግን ቀጥሎ የመጣውን ተመልከቱ። «የቀን ዘብ» በሩሲያ ከመጀመሪያው ሁለት እጥፍ ያህል፣ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። አሜሪካ ውስጥ በ2007 ሲወጣ ግን ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።

ለእኔ ትልቁን ነገር የሚናገረው ይህ ልዩነት ነው። የመጀመሪያውን ፊልም የውጭ ሰው በጉጉት አየው። «ሩሲያውያን ቫምፓየር ፊልም ሠርተዋል አሉ፣ እስቲ እንየው» ብሎ። ሁለተኛውን ለማየት ግን የሚመለሰው የወደደ ሰው ብቻ ነው። አገር ቤት ያለው ተመልካች እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። የውጭው ተመልካች ከሦስቱ ሁለቱ ቀረ። ጉጉት አንድ ጊዜ ትኬት ያስቆርጣል። ፍቅር ነው ሁለተኛውን የሚያስቆርጠው።

የታቀደው ሦስተኛ ክፍል ከቶም አልተሠራም። ዳይሬክተሩ ሆሊውድ ገባ። በ2008 ለዩኒቨርሳል አንጀሊና ጆሊና ጄምስ ማካቮይ የተወኑበትን «ዋንትድ» ሠራ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ340 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የሚታጠፉ ጥይቶች፣ የሚገለባበጡ መኪኖች፣ በድንገት ቀስ የሚል ጊዜ፣ እነዚህን ሁሉ ቀድሞ በ«ሌሊት ዘብ» ሞክሯቸዋል። አንቶንን የተጫወተው ኮንስታንቲን ካቤንስኪም ትንሽ ክፍል ይዞ አብሮት ሄዷል። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። የተሻገረው የዳይሬክተሩ ዓይን ነው። ሞስኮ ግን አልተሻገረችም። ሩሲያውያን የወደዱት ሞስኮን ነበር፤ የውጭው ሰው የወደደው የካሜራውን ጨዋታ። ጨዋታውን ደግሞ በ«ዋንትድ» ቺካጎ ላይ ሲያገኘው፣ በእንግሊዝኛ፣ ከሚያውቃቸው ተዋንያን ጋር፣ ወደ ሞስኮው የሚመለስበት ምክንያት አልነበረውም።

አንዳንድ ሰው ችግሩ የአሜሪካ ተመልካች ነው ይላል። ሰብታይትል ማንበብ አይወድም፣ አበቃ። ይህ በከፊል እውነት ነው፣ ታሪኩም ረጅም ነው። አሌክሳንደር ፕቱሽኮ «ሳድኮ» የሚለውን ፊልም ከድሮ የኖቭጎሮድ ተረት ወስዶ ሠራው። በ1953 ቬኒስ ላይ የብር አንበሳ ሽልማት አገኘ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፊልሙን አሜሪካ ያወጣው ፕሮዲውሰሩ ሮጀር ኮርማን ነበር። ድምፁ ወደ እንግሊዝኛ ተለወጠ። ሳድኮ ሲንባድ ተባለ። የተዋናዩና የዳይሬክተሩ ስም ሳይቀር እንግሊዝኛ እንዲመስል ተቀየረ። ቀዝቃዛው ጦርነት የጋለበት ዘመን ስለነበር የሩሲያ ፊልም መሆኑ መታወቅ አልነበረበትም። የአሜሪካውን ጽሑፍ እንዲያሰናዳ የተቀጠረው ወጣት ኋላ «ዘ ጎድፋዘር»ን የሠራው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ነበር። አንድ ሕዝብ የሰጠውን ተረት ስሙን ገፎ መሸጥ ያሳዝናል። ያም ሆኖ ልጆች አይተውታል።

ግን «የውጭ ተመልካች» ማለት አሜሪካ ብቻ አይደለም። ይህን የምንረሳው ቶሎ ነው። ወደ ቼክ ሪፐብሊክ እንሂድ።

በ1964 አሌክሳንደር ሮው «ሞሮዝኮ» የሚል የተረት ፊልም ሠራ። የእንጀራ እናቷ በበረዶ ጫካ የምትጥላት ናስተንካ፣ ትዕቢተኛው ኢቫን፣ በዶሮ እግር ላይ የቆመ ጎጆ ያላት ባባ ያጋ፣ የብርድ አባት የሆነው ሽማግሌ። ይህ ፊልም አሜሪካ ውስጥ የሚታወቀው በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ተሳልቀውበት ነው። ፕራግ ላይ ግን ገናና አዲስ ዓመት ሲመጣ የሚታይ የቤተሰብ ፊልም ነው። አያት ያየችውን የልጅ ልጅ ያያል። ልብ በሉ፣ በ1968 የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ገብተዋል። ቼኮች ለዚያ ያላቸው ቂም እስካሁን አልበረደም። በ1989 ሥርዓቱ ወድቆ የሩሲያ ነገር ሁሉ ሲጣል እንኳ «ሞሮዝኮ» አልተጣለም።

ለምን? አንደኛ፣ ቼኮች የራሳቸው ጠንካራ የተረት ፊልም ባህል አላቸው። ክፉ እንጀራ እናት፣ ታታሪ ልጅ፣ በጫካ ውስጥ የሚፈትን ሽማግሌ፣ እነዚህን ቀድመው ያውቋቸዋል። ሁለተኛ፣ ፊልሙ ቼክኛ ተናገረ። ድምፁን የሰጡት ጥሩ ተዋንያን ነበሩ። በቼክኛ የተነገሩት ዓረፍተ ነገሮች የሰዎች የዕለት ጨዋታ ሆኑ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ታየ። አንድ ፊልም በየዓመቱ በበዓል ቀን ሳሎን ውስጥ ሲገባ የእንግዳነቱ ነገር ይቀራል።

ይህን እኛም በቅርብ አይተነዋል። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ መጡ። ያ ሁሉ ክርክር ትዝ ይላችኋል። ከዚያ በፊት ቱርክኛ በሰብታይትል ለማየት የሚቀመጥ ስንት ሰው ነበር? ገጸ ባሕርያቱ አማርኛ ሲናገሩ ግን እናቶቻችን በስም ጠርተው ያሙአቸው ጀመር። ስለዚህ አንድ ፊልም ለውጭ ሰው ይጥማል ወይ ሲባል መልሱ ፊልሙ ውስጥ ብቻ አይገኝም። ማን አመጣው? በማን ድምፅ? በምን ሰዓት፣ የት? እነዚህም ይወስናሉ።

ከቼኮች ወደ ቻይና ስንሻገር ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። በ2015 ቤክማምቤቶቭ ፕሮዲውሰር ሆኖ «እሱ ዘንዶ ነው» የሚል ፊልም ወጣ። መነሻው ማሪናና ሰርጌይ ዲያቼንኮ የጻፉት ልቦለድ ነው። ሁለቱ በሩሲያኛ የሚጽፉ የኪየቭ ባልና ሚስት ነበሩ። ፊልሙ ሩሲያ ውስጥ ወደቀ። በሚቀጥለው ዓመት ቻይና ሲገባ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ አገሩ ላይ ካገኘው ብዙ እጥፍ። ዘንዶውን የተጫወተው ወጣት ማትቬይ ሊኮቭ እዚያ አድናቂ አፈራ። ታሪኩ ቀላል ነው። በሠርጓ ቀን በዘንዶ የተጠለፈች ልጅ ሰው መሆን የሚታገለውን ጠላፊዋን ትወዳለች። ለመረዳት ስለ ሞስኮ ምንም ማወቅ አያስፈልግም። የቻይና ወጣቶች ቆንጆ፣ አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ አዩ። ሩሲያዊው ተመልካች ግን የራሱን ነገር ፈልጎ አጣ መሰለኝ። ባሕር፣ ደሴት፣ አለት፣ ነጭ ቀሚስ ነው ያለው። የማን አገር እንደሆነ አይታወቅም።

የዚህ ተቃራኒ በ2019 መጣ። በደራሲው ኒኮላይ ጎጎል ታሪክ ላይ ተመሥርቶ በ2014 ሩሲያ ውስጥ ብዙ ሕዝብ ያየው «ቪይ» ነበር። ተከታዩን ክፍል የሠሩት ሰዎች በቀጥታ ቻይናን አስበው ሠሩት። ጃኪ ቻንን አመጡ። አርኖልድ ሽዋርዘኔገርን አመጡ። ታሪኩን ወደ ቻይና ወሰዱት። ቻይና ላይ ወደቀ። ቻይናዊው ተመልካች ጃኪ ቻንን ሩሲያ ሠርታ እስክታመጣለት አይጠብቅም። የራሱ አለው። ለውጭ ተመልካች ተብሎ የተሰፋው ልብስ የማንንም ትከሻ አልያዘም። ይህን ስህተት ከሩሲያ ውጭም ብዙ አገሮች ይሠሩታል፤ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ስለ ቁጥሮች አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የሩሲያ ፊልም «በውጭ ይህን ያህል አስገባ» ሲባል ማን እንደገባ ማጣራት ጥሩ ነው። እስራኤል ውስጥ ከሶቪየት አገሮች የመጡ ከሚሊዮን ያላነሱ ሰዎችና ልጆቻቸው ይኖራሉ። ጀርመን ውስጥም ብዙ ናቸው። ዱባይ ላይ ከ2022 ወዲህ ጨምረዋል። አዳራሹን የሞሉት እነሱ ከሆኑ ፊልሙ አገር ለቀቀ እንጂ ተመልካች አልለወጠም። የእኛም ፊልሞች ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ለሐበሻ ታይተው «በአሜሪካ ታየ» ይባላል። ትልቅ ነገር ነው፣ አያንስም። በናፍቆት ያለ ወገን አገሩን አየ። ግን የውጭ ተመልካች አገኘ ለማለት አይበቃም።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ቅርቡና ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በጥር 2024 «ማስተርና ማርጋሪታ» ሩሲያ ውስጥ ወጣ። የሚካኤል ቡልጋኮቭ ልቦለድ ነው መነሻው። ቡልጋኮቭ በስታሊን ዘመን ለዓመታት ጽፎት በ1940 ሞተ፣ መጽሐፉን ታትሞ አላየውም። ሰይጣን ወደ ሞስኮ ይመጣል። ጎን ለጎን ጲላጦስ በኢየሩሳሌም ይፈርዳል። በመሐል አንድ ደራሲ መጽሐፉ ታግዶበት ያብዳል፣ የምትወደው ሴት ደግሞ እሱን ለማዳን ከሰይጣን ጋር ትዋዋላለች።

ፊልሙን የሠራው ማይክል ሎክሺን ነው። አሜሪካ ተወለደ፤ በ1986 አባቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሰደደና እዚያ አደገ። ሰይጣኑን ጀርመናዊው አውጉስት ዲል፣ ጲላጦስን ዴንማርካዊው ክሌስ ባንግ ተጫወቱት። የኢየሩሳሌም ትዕይንቶች በላቲንና በአራማይክ ናቸው። ገንዘቡ በከፊል ከመንግሥት የፊልም ፈንድ መጣ። የሚያከፋፍለው ዩኒቨርሳል ሊሆን ነበር። ቀረጻው ያለቀው ከወረራው በፊት ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ዩኒቨርሳል ወጣ። ሎክሺን ጦርነቱን በግልጽ ተቃወመ። ፊልሙ ሁለት ዓመት ያህል ተንጠልጥሎ ቆየ።

ሲወጣ ሕዝቡ ጎረፈ። ከ2 ቢሊዮን ሩብል በላይ አስገባ። ሰዎች ስክሪኑ ላይ ያዩት የሰላሳዎቹን ሞስኮ ነው፣ የታገደ ተውኔት፣ የስብሰባ አዳራሽ ውግዘት፣ ጓደኛውን የሚያሳጣ ጓደኛ። የገባቸው ግን ዛሬ ነው። የመንግሥት ደጋፊ የሆኑ ተንታኞች በቁጣ ተነሱ። ዳይሬክተሩ እንዲከሰስ ጠየቁ። የመንግሥት ገንዘብ እንዴት ለዚህ ሰው ተሰጠ አሉ። ስለ ሳንሱር የሚያወራ ፊልም ራሱ ሳንሱር ደጃፍ ላይ ቆመ።

አሁንም የአገር ቤቱ ፍቅር የመጣው ራስን ከማየት ነው። በ«ሌሊት ዘብ» ሰው ያየው ሊፍቱንና መብራት ጠጋኙን መኪና ነበር። በዚህኛው ያየው ፍርሃቱን ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሊፍቱ የሞስኮ ነው፣ ፍርሃቱ ግን የብዙ አገር ነው። አፉን ዘግቶ የኖረ ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም እናውቀዋለን። ጲላጦስን ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

ሌላም ትልቅ ብልጫ አለው። መጽሐፉ ቀድሞት ሄዷል። የ«ሌሊት ዘብ» እንግሊዝኛ ትርጉም የወጣው በ2006 ነው፣ ፊልሙ አሜሪካ በገባበት ዓመት። አንባቢ ሳይፈጠርለት ተመልካች ተጠየቀ። የቡልጋኮቭ መጽሐፍ ግን ከ1967 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲነበብ ኖሯል። በፓሪስ፣ በሮም፣ በበርሊን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በሩ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ።

ግን በሩ ተዘግቷል። የአውሮፓ ፊልም አካዳሚ በ2022 የሩሲያ ፊልሞችን ከሽልማት ውድድሩ አውጥቷል። አከፋፋዮች የሩሲያ መንግሥት ገንዘብ ያለበትን ፊልም ለመንካት ፈሩ። ዩክሬናውያን፣ ቤታቸው በቦምብ እየፈረሰ፣ የሩሲያ ባህል በአውሮፓ አዳራሽ ሲጨበጨብለት ማየት እንደሚያማቸው ተናገሩ። ይህን ሕመም አቅልሎ ማየት አይቻልም። የ«ሌሊት ዘብ» ደራሲ ሉክያኔንኮ ራሱ ወረራውን በይፋ ደግፏል። ዛሬ ያን ፊልም የሚከፍት የውጭ ተመልካች ይህን እያወቀ ነው የሚያየው። እኔም ሳየው ከአእምሮዬ አይወጣም።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ከረጢት መክተት ፍርድ ማዛባት ነው። ደራሲው ጦርነቱን የደገፈ ፊልም አለ። ዳይሬክተሩ ጦርነቱን ስለተቃወመ በገዛ አገሩ የተወገዘ ፊልምም አለ። የውጭው አከፋፋይ ግን ለማመዛዘን ጊዜ አልነበረውም፣ ወይም አልፈለገም። «ማስተርና ማርጋሪታ» ጀርመንን ጨምሮ አንዳንድ የአውሮፓ ሲኒማ ቤቶች የደረሰው ሩሲያ ላይ ከታየ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ወሬው ከበረደ፣ የተሰረቁ ቅጂዎች ኢንተርኔት ላይ ከተሰራጩ በኋላ። በዚህ ሁኔታ የሚገኘውን የትኬት ገቢ ይዞ «የውጭ ተመልካች አልወደደውም» የሚል ሰው ነገ ቢነሳ አልቀበለውም። ለመውደድም ለመጥላትም ማየት ይቀድማል።

በእኔ ግምት ከ«ሌሊት ዘብ» ወዲህ ከሩሲያ ምናባዊ ፊልሞች ሁሉ በዓለም ዙሪያ የመወደድ ዕድል የነበረው ይህ ነው። ጀርመን፣ እስራኤል ወይም ሌላ ቦታ ሆናችሁ በአጠገባችሁ ሲኒማ ቤት ካገኛችሁት ግቡ። በመጀመሪያው ድምፅ፣ በሰብታይትል ብታዩት ይሻላል። የአውጉስት ዲል ሰይጣን ሩሲያኛ ሲናገር የሚሰማው የጀርመን ቅላጼ በማንም ድምፅ አይተካም።